ለይስሙላ የተገጠመው ፔዳል፦ የኤሌክትሪክ ስኩተር ታሪክ ለአዲስ አበባ ምን ይነግራታል?

ቻይና ውስጥ ለሃያ ዓመት ያህል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስኩተሮች ማንም የማይረግጠው ፔዳል እየተገጠመላቸው ተሸጠዋል። ሰፊ መቀመጫ፣ እግር የሚያርፍበት ወለል፣ የፊት መብራትና የጎን መስታወት ያላቸው፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ በባትሪ የሚሄዱ ስኩተሮች ናቸው። ፔዳሉ በጎናቸው የተሰካው ለአንድ ምክንያት ብቻ ነበር፤ ሕጉ ፔዳል ያለውን «ብስክሌት» ስለሚለው። ብዙ ገዢዎች ስኩተሩን ከሱቅ ባወጡ ማግስት ፔዳሉን ፈትተው ይጥሉት ነበር።

ነገሩ ያስቃል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ስኩተር ታሪክ ዋና ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህን መጓጓዣ ከማንም መሐንዲስ በላይ የቀረጸው ክልከላ ነው። ክልከላውም አንዱን በር ሲዘጋ ሌላውን ሳያስበው ሲከፍት ኖሯል። ዛሬ አዲስ አበባ በዚያው መንገድ ላይ እየገባች ስለሆነ ታሪኩ ለገዢውም ለደንብ አውጪውም ይጠቅማል። (ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ቅርጹ ከጣሊያን ነው

ፒያጆ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ድረስ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ አውሮፕላን ፈላጊ ጠፋ፤ መንገዱ በፈረሰበት አገር ግን ርካሽ መጓጓዣ የሚፈልግ ሕዝብ ሞልቷል። ሥራው የተሰጠው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ሳይክልም አይወድም። ልብስ ያቆሽሻል፣ ለመቀመጥ እግር አንፈራጥጦ መውጣት ይጠይቃል፣ ጎማውን ለመቀየር ያስቸግራል ብሎ ያምን ነበር።

በ1946 የወጣችው ቬስፓ ለእነዚህ ቅሬታዎች የተሰጠች መልስ ናት። ሞተሯ ተሸፍኗል፣ ከፊት ጭቃና ነፋስ የሚመልስ ጋሻ አላት፣ እግር የሚያርፈው ጠፍጣፋ ወለል ላይ ነው። ቀሚስ የለበሰችም ሱፍ የለበሰም እንደ ወንበር ይቀመጡባታል። የዛሬው ባለ መቀመጫ ኤሌክትሪክ ስኩተር ይህን ቅርጽ እንዳለ ወርሷል። ነዳጅ ሲቀር ከመቀመጫውና ከወለሉ ሥር የተረፈው ቦታ የባትሪ ሆነ።

▪️ ክልከላው የወለደው ገበያ

ሁለት ጎማን በኤሌክትሪክ የማንቀሳቀስ ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የፈጠራ መብት የተመዘገበው በ1895 ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለመቶ ዓመት ያህል ሰፊ ገበያ አላገኘም። በሩን የከፈቱለት የቻይና ከተሞች ናቸው፤ የከፈቱትም ሌላውን በመዝጋት ነው።

ቤይጂንግ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለሞተር ሳይክል ታርጋ መስጠትን ገደበች። ሌሎች ትልልቅ ከተሞችም በየተራ ተከተሉ። ጓንግዙ በ2007 መጀመሪያ ሞተር ሳይክልን ከከተማዋ ጨርሳ አገደች። ምክንያቶቹ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደሉም፤ ጭስ፣ ጫጫታ፣ የትራፊክ አደጋ፣ በሞተር ሆኖ ቦርሳ መንጠቅ።

ሞተሩ ቢታገድም ሰው ከቤቱ ሥራ ቦታው መድረስ ነበረበት። ከተሞቹ እየሰፉ፣ ቤትና ሥራ እየተራራቁ፣ አውቶቡሱም እየተጨናነቀ ሄደ። በዚህ መሐል በ1999 የወጣ ብሔራዊ ደረጃ ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር፣ ክብደቱም ከ40 ኪሎ የማይበልጥና ፔዳል ያለው ነገር «የኤሌክትሪክ ብስክሌት» ነው አለ። በ2004 ሥራ ላይ የዋለው የመንገድ ትራፊክ ደህንነት ሕግ ደግሞ ይህንኑ ሞተር አልባ ከሚባሉት ተሽከርካሪዎች ጋር መደበው። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ በብስክሌት መስመርም መሄድ ይችላል።

በ2003 የሳርስ ወረርሽኝ ሲገባ ከአውቶቡስ የሸሸው ሰው ተጨመረበት። በ1998 በዓመት 40,000 ገደማ የነበረው ሽያጭ በ2005 ወደ 10 ሚሊዮን ደረሰ። ዛሬ ቻይና ውስጥ ከ300 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ተሽከርካሪዎች አሉ። ያን ሁሉ ገዢ በአንድ ጊዜ ያመጣው ቀድሞ የነበረው አማራጭ መዘጋቱ ነው።

▪️ 40 ኪሎ፣ በወረቀት ላይ

ደረጃው ሲጻፍ በጸሐፊዎቹ አእምሮ የነበረው ባትሪ የተገጠመለት ብስክሌት ነበር። ገዢው የፈለገው ግን ልጁን ከኋላ፣ አስቤዛውን ከፊት የሚጭንበት ስኩተር ነው። እንዲህ ያለውን ስኩተር የሚያንቀሳቅሱት አራት የእርሳስ ባትሪዎች ብቻቸውን ከ25 ኪሎ በላይ ሊመዝኑ ይችላሉ። በ40 ኪሎ ውስጥ መቀመጫ፣ ጎማ፣ ፍሬንና ጠንካራ ብረት ማስገባት የማይሆን ነገር ነበር።

ስለዚህ ሁሉም የየራሱን ድርሻ ተጫወተ። ፋብሪካው ፔዳል ሰካ። ሻጩ የፍጥነት ገደቡን ፈታ። ተቆጣጣሪው አይቶ እንዳላየ አለፈ። በ2009 መጨረሻ ላይ ባለሥልጣናት ከ40 ኪሎና ከ20 ኪሎ ሜትር የሚያልፈው ሁሉ ከቀጣዩ ጥር ጀምሮ ሞተር ሳይክል ነው ሊሉ ተነሡ። ያ ማለት በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በአንድ ሌሊት ያለ መንጃ ፈቃድና ያለ ታርጋ የሚነዳ ሕገ ወጥ ሊሆን ነው። ሕዝቡ ጮኸ፤ ውሳኔው በሳምንታት ውስጥ ታገደ።

አዲስ ደረጃ በ2018 ወጥቶ ሥራ ላይ የዋለው በሚያዝያ 2019 ነው። ፍጥነቱ 25 ኪሎ ሜትር፣ ክብደቱ 55 ኪሎ ሆነ፤ ፔዳሉ ግን አሁንም ግዴታ ነበር። ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ፔዳል ባይኖረውም ይሁን የተባለው በመስከረም 2025 ሥራ ላይ በዋለው ደረጃ ነው። ከ1999 ቢቆጠር 26 ዓመት መሆኑ ነው። ጎዳናው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ የሚያውቀውን ሐቅ ሕጉ ለመቀበል ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀበት።

▪️ እሳቱ

ሁሉም ዓይኑን ፔዳሉና ክብደቱ ላይ ተክሎ ሳለ አደጋው በባትሪው በኩል መጣ። መጀመሪያ የታየው በፋብሪካዎች አካባቢ ነው። በ2011 በእርሳስ ባትሪ ፋብሪካዎች አቅራቢያ የሚኖሩ ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ ከተገኘ በኋላ መንግሥት አብዛኞቹን ፋብሪካዎች ዘጋ። ከዚያ የቀለለው ሊቲየም ተስፋፋ፤ እሱም የራሱን መዘዝ ይዞ መጣ። የተጎዳ፣ በማይስማማው ቻርጀር የተሞላ ወይም እዚህም እዚያም ተለቃቅሞ የተገጣጠመ ሊቲየም ባትሪ አንዴ ከጋለ በቀላሉ አይጠፋም። የሚያወጣው ጭስ መርዛማ ነው፤ ሕንፃውንም በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላዋል።

በየካቲት 2024 ናንጂንግ ከተማ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ተቃጥሎ 15 ሰዎች ሞቱ። እሳቱ የተነሣው የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ከቆሙበት ምድር ቤት ነበር። ቻይና በረጃጅም ሕንፃዎች የጋራ መግቢያና ደረጃ ላይ እነዚህን ተሽከርካሪዎች ማቆምንና ቻርጅ ማድረግን የከለከለችው ግን በ2021 ነው። በኒው ዮርክ ከተማም በ2023 ብቻ በሊቲየም ባትሪ ቃጠሎ 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማዋ በዚያው ዓመት የደህንነት ማረጋገጫ የሌለው ባትሪና ተሽከርካሪ እንዳይሸጥ አገደች።

«እዚህ ቻርጅ አታድርግ» ማለት «የት ላድርግ?» ለሚለው መልስ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ምግብ ሲያመላልስ የዋለ ልጅ ነገ እንዲሠራ ባትሪው ዛሬ ማታ መሞላት አለበት። ቦታ ካልተሰጠው ደረጃ ሥር ወይም አልጋው አጠገብ ይሰካዋል። ታይዋን ውስጥ ጎጎሮ የተባለው ኩባንያ ከ2015 ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ አቀረበ፤ ነጂው ያለቀ ባትሪውን መንገድ ዳር ካለ ማሽን ውስጥ አስገብቶ የተሞላ ይወስዳል። ባትሪው ከቤት ሳይገባ፣ በአንድ ኩባንያ ቁጥጥር ሥር ይሞላል ማለት ነው።

▪️ አዲስ አበባ የት ላይ ናት?

በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሞተር ሳይክሎች እንቅስቃሴ ላይ ክልከላ ጣለ፤ ከተሰጡት ምክንያቶች ዋነኛው በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። የነዳጅ ሞተር ተገድቧል፣ ኤሌክትሪክ ተበረታቷል፣ ከተማው ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቂሊንጦ ሰፍቷል፣ ታክሲ ሰልፉም ረዝሟል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ስኩተሩን በቻይና ጎዳናዎች ያጥለቀለቁት ሁኔታዎች እነዚሁ ነበሩ።

ለኤሌክትሪክ የሚያደሉ ነገሮችም አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ሳስቷል። ትንንሽ የነዳጅ ሞተሮች በዚህ ምክንያት ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። የአገሪቱ ኤሌክትሪክም አብዛኛው የውኃ ኃይል ነው።

አስጊው ነገር የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ነው። አብዛኛው ኮንዶሚኒየም አሳንሰር የለውም፤ ነዋሪው ሁሉ የሚወርደው በአንድ ደረጃ ነው። ያ ደረጃ ሥር አሥር ስኩተር ቻርጅ ላይ ቢያድር ናንጂንግ ሩቅ አገር አይደለም። ስለዚህ ታርጋና ፍጥነት ላይ ክርክሩ ከመጧጧፉ በፊት ሊወሰን የሚገባው የባትሪው ጉዳይ ነው። የትኛው ባትሪ ወደ አገር ይግባ? የት ይሞላ? ያረጀውን ማን ይሰብስበው? የጋራ ሕንፃ ግቢ ውስጥ ከደረጃው ራቅ ብሎ ጣሪያና ቆጣሪ ያለው መሙያ ቦታ መሥራት በኋላ ከሚመጣው ሐዘን በእጅጉ ይረክሳል።

▪️ ለሚገዛ ሰው

ታሪኩ ለገዢውም የሚሰጠው መመዘኛ አለ።

አንደኛ፣ ፋብሪካው የሚጽፈው የኪሎ ሜትር ቁጥር ብዙውን ጊዜ ሜዳ ላይ፣ በቀላል ነጂና በዝግታ የተለካ ነው። ባለ 48 ቮልት፣ 20 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 960 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ሰውና ስኩተር አንድ ላይ 150 ኪሎ ቢመዝኑ 300 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ 150 ዋት-ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ከባትሪው አንድ ስድስተኛ መሆኑ ነው። ከቦሌ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚመላለስ ሰው የተጻፈውን ቁጥር አምኖ ቢገዛ መንገድ ላይ መቅረቱ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ የባትሪው ዓይነት። እርሳስ ርካሽ ነው፤ ግን ከባድ ነው፣ በየጊዜው ሙጥጥ ብሎ ሲያልቅም ቶሎ ይሞታል። ከሊቲየም ዓይነቶች መካከል ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ሙቀትን የተሻለ ይቋቋማል። አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ባትሪው ተነቅሎ በእጅ የሚወጣ መሆኑ ወሳኝ ቢመስልም፣ የወጣው ባትሪ መውጫ በር አጠገብ ወይም ሰው በተኛበት ክፍል መሰካት የለበትም። ያበጠ ወይም ውኃ የገባው ባትሪ ፈጽሞ አይሰካም።

ሦስተኛ፣ ቻርጀሩ አብሮ የመጣው ይሁን፤ ሶኬቱ ስለገባ ብቻ የሌላው አይሆንም። የፍጥነት ገደቡን «እፈታልሃለሁ» የሚል ጥገና ቤትም ፍሬኑን አያሻሽልም፤ ለ25 ኪሎ ሜትር የተሠራ ፍሬን በ50 ቁልቁለት ላይ አይይዝም። የራስ ቁር ደግሞ ሕግ አስገደደም አላስገደደም ያስፈልጋል፤ አስፋልቱ ስኩተሩ ብስክሌት ይባል ሞተር አይጠይቅም።

የቻይና ደንብ አውጪዎች መጀመሪያ የተከራከሩት ስሙ ላይ፣ ቀጥሎ ክብደቱ ላይ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፔዳሉ ላይ ነው። ባትሪው የት ያድራል የሚለውን በቁም ነገር የጠየቁት ሰው ካለቀ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ይህን ጥያቄ መጀመሪያ ላይ የመጠየቅ ዕድል አሁንም በእጇ ነው።