ከገዳሪፍ እስከ ሙግረን፦ ካርቱምን በጥቂት ገንዘብ ያየንበት ዘመን

የገዳሪፍ ሐበሻ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው መከራው ነው። በመተማ በኩል በእግር መግባቱ፣ የመጠለያው ኑሮ፣ የሰሊጥ አጨዳው ይወራል። ይህ እውነት ነው፣ መጻፍም አለበት። ሆኖም ወገናችን የተደነቀበት፣ ልጆቹን ይዞ የተደሰተበት ጊዜም ነበረ። ለኢዮቤልዩ መጽሔታችን ይህንን መርጫለሁ፤ ኪሱ ሳሳ ያለ የገዳሪፍ ሐበሻ ትልቋን ከተማ ካርቱምን እንዴት እንዳያት።

መንገዱና ወቅቱ

ካርቱም ከገዳሪፍ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ ገዳሪፍ ገብቷል፤ እኛ የለመድነው ግን አስፋልቱን ነው። ከፖርት ሱዳን በከሰላና በገዳሪፍ አድርጎ በዋድ መደኒ በኩል ካርቱም የሚገባው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1980 ግድም ካለቀ በኋላ፣ ማለዳ የተሳፈረ ሰው በዚያው ቀን ይደርስ ነበር።

የመሄጃውን ጊዜ የሚወስነው ሰሊጡ ነበር። ሰሊጥ ተሽጦ የዱቤው ደብተር ሲጸዳ በየሱቁ የካርቱም ወሬ ይጀመራል። ደግነቱ ካርቱም ቀዝቀዝ የምትለውም ያኔ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በግንቦት የሄደ ሰው ገንዘቡን በቀዝቃዛ ውኃ ጨርሶ ይመለሳል። ለስደተኛ ደግሞ ከቲኬቱ በፊት ታስሪሑ፣ ማለትም የጉዞ ፈቃዱ፣ መገኘት ነበረበት።

ሆቴል የሚያድር አልነበረም። ዴም ወይም ጅሬፍ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ አይጠፋም። ባዶ እጅ ስለማይኬድ ሰሊጥ፣ በርበሬና ሽሮ ይያዛል፤ በለውጡ ግቢው ውስጥ አንገረብ ይዘረጋል። ቁርስ አንድ ሳህን ፉል ለሦስት ሰው ነው። ታክሲ ሳይሆን ሀፍላ፣ ቅርብ ከሆነም እግር። እንዲህ ከተቆጠበ ገንዘቡ ለልጆች ከርከዴና ለጥቂት መግቢያ ይበቃል።

ዓባይን ያለ ክፍያ

የሁሉም የመጀመሪያ ጉብኝት ሙግረን ነበር። ከጣና ወጥቶ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘው ዓባያችን ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ሁለቱ ውኃዎች ለጥቂት ጊዜ ቀለማቸውን ሳይቀላቅሉ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሰዉ ወንዙ ዳር ቆሞ ለልጁ «ይኸ ከአገርህ የመጣው ነው» ይላል። ኢትዮጵያን አይቶ ለማያውቅ ገዳሪፍ ለተወለደ ልጅ ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር፤ ክፍያ የለውም። ማታ በወንዙ ዳር ከተደረደሩት ሻይ ቤቶች አንዷ ጋ መቀመጥ ነው። ጀበናውን የጣደችው ብዙ ጊዜ የአገር ልጅ ስለምትሆን ወሬው በአማርኛ ይቀጥላል።

ታሪካችን ያለበት ከተማ

እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው ብሔራዊ ሙዚየም በአነስተኛ ክፍያ ይታይ ነበር። በግቢው የአስዋን ግድብ ውኃ እንዳይውጣቸው ከኑቢያ ተነሥተው የመጡት የቡሄንና የሰምና ቤተ መቅደሶች ቆመዋል። የእኛን ሰው ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ከፋራስ ካቴድራል የመጣው የግድግዳ ሥዕል ነበር። ሠለስቱ ደቂቅ በእቶኑ እሳት ውስጥ ቆመው፣ ሊቀ መልአክ ሲጠብቃቸው ይታያል፤ ሥዕሉ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በሱዳን ምድር የክርስቲያን ነገሥታት እንደነበሩ ብዙዎቻችን የሰማነው እዚያ ነው።

ድልድዩን ተሻግሮ ኦምዱርማን ሲገባ እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ሙዚየም የሆነው የኸሊፋው ቤት ይገኛል። የመሐዲስቶቹ ባንዲራና መሣሪያ የተቀመጠበት ነበር። መተማ ለእኛ የድንበር ኬላ ብቻ አይደለችም። አፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኸሊፋው ጦር ጋር ሲዋጉ ቆስለው በማግስቱ ያረፉት እዚያ ነው። የሁለቱ ሕዝብ ልጆች ዛሬ በአንድ ገበያ ሰሊጥ የሚመዝኑ መሆናቸውን እዚያ ቤት ውስጥ ሆኖ ማሰብ ከመጽሐፍ ይበልጣል። አፄ ኃይለ ሥላሴም ጣሊያንን ለመውጋት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ከመግባታቸው በፊት ወራቱን ያሳለፉት በካርቱም ነበር።

ኳስ ወዳዶችም ድርሻቸው አለ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1957 የተደረገው በካርቱም ነው። ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ ብቻ ተጫውተው በፍጻሜው ግብፅ እኛን 4 ለ 0 አሸነፈች። የሂላልና የመሪኽ ግጥሚያ የገጠመው ሰው ርካሹን ወንበር ይዞ ይህን ታሪክ ለልጁ ይነግር ነበር። ዓርብ ከሰዓት ደግሞ በኦምዱርማን የሐመድ አል-ኒል መቃብር ዘንድ የደርቡሾቹን ከበሮና ዚክር ቆሞ ማየት ለማንም፣ ለእንግዳም ጭምር ክፍት ነበር።

ዛሬ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ሠራዊቱ ከተማዋን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ሙዚየሙ ተዘረፈ፣ ሰፈሮች ፈረሱ፣ ሕዝቡ ተበተነ። ያን ጊዜ መንገዱ ተገለበጠ፤ እኛ ወደ ካርቱም እንሄድ የነበርን የካርቱም ሰው ወደ ገዳሪፍ መጣ። በግቢያቸው አንገረብ የዘረጉልን ሱዳናውያንና ሐበሾች ልጆቻቸውን ይዘው በየትምህርት ቤቱና በየዘመዱ ቤት ተጠለሉ። አንዳንዶቹም በመተማ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። ያለንን ማካፈል ችሮታ ሳይሆን ብድር መመለስ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ በዚያ ዘመን ለአንድ ሳምንት ጉብኝት የበቃን ገንዘብ ሳይሆን ሰው ነው። አሁን የቀረን በየቤታችን ያለው ፎቶግራፍ፣ በሙግረን የተነሣነው፣ በሙዚየሙ በር የቆምንበት ነው። በጀርባው ዓመተ ምሕረቱንና ቦታውን ጽፈን ለልጆቻችን እናቆየው። ማኅበራችንም ቅጂውን ሰብስቦ ቢያስቀምጥ ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ትልቅ ስጦታ ይሆናል።

ለካርቱም ሰላሟን ይመልስላት፤ እኛንም ለከርሞ በጤና ያድርሰን። እንኳን አደረሳችሁ።