ከካርድ ሳጥን እስከ ስልክ ጨዋታ፦ የቃላት ክለሳ አጭር ታሪክ



በአንድ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜዬ ማብቂያ ላይ የዕለቱን አዳዲስ ቃላት በስልክ ጨዋታ አስከለስሁ። ክፍሉ በሳቅ ደመቀ፤ ለአሸናፊዋም ተጨበጨበ። በሳምንቱ እነዚያኑ ቃላት በባዶ ወረቀት ስጠይቅ ግን አሸናፊዋ ጭምር እስክሪብቶዋን ይዛ ቀረች። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ምን እንዳጠፋሁ የተረዳሁት ከስልኩ በፊት ያለውን ታሪክ ሳነብ ነው።

ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው የትውስታ ጥናት ፈታኙም ተፈታኙም ራሱ ነበር። ፍቺ የሌላቸውን የድምፅ ቅንጅቶች በቃሉ እያጠና፣ ጥቂት ቆይቶ እንደ ገና ለማጥናት የሚፈጅበትን ጊዜ ይለካ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ቆይቶ ሲመለስ እንኳ ከመጀመሪያው ድካሙ የሚተርፍለት 44 በመቶ ገደማ ነው። ይበልጥ የሚደንቀው ሌላው ግኝቱ ነው፤ በሦስት ቀናት የተከፋፈሉ 38 ድግግሞሾች በአንድ ቀን የተከመሩ 68 ድግግሞሾችን ያህል ጠቀሙት።

ይህን ሐሳብ ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ለተራው ተማሪ ያቀረበው ሰባስቲያን ላይትነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በመጽሐፉ ያስተዋወቀው መሣሪያ በክፍሎች የተከፋፈለ የካርድ ሳጥን ነበር። ተማሪው በትክክል የመለሰው ካርድ ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል፤ የሳተው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ የኋለኞቹ ክፍሎች የሚከለሱት አልፎ አልፎ ነው። በ1987 የተሠራው የፖላንዱ ሱፐርሜሞም ሆነ በ2006 የወጣው አንኪ ይህንኑ የማራራቅ ሥራ ለኮምፒውተር ሰጡት።

እ.ኤ.አ. በ2013 ከኖርዌይ የወጣው ካሁት ግን ዘሩ ከሳጥኑ ይልቅ ከጥያቄና መልስ ውድድር ይመዘዛል። በተለመደው አጨዋወቱ ምርጫዎቹ በቀለም ተለይተው ይቀርባሉ፤ ፈጥኖ በትክክል የመለሰ የበለጠ ነጥብ ያገኛል። ተማሪው ቃሉን ያያል እንጂ ከራሱ አያወጣም። (የእኛ እንቆቅልሽ በዚህ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ «ምን አውቅልህ» ያለ ልጅ ምርጫ አይቀርብለትም፤ ካልመለሰም አገር ይሰጣል።)

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ካርፒክና ሮዲገር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከነእንግሊዝኛ ፍቻቸው አጠኑ። አንድ ጊዜ በትክክል በመለሷቸው ቃላት ዳግመኛ ያልተፈተኑት ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት ሲሶውን ያህል ነበር፤ መፈተናቸው የቀጠለው ግን 80 በመቶ ገደማ አስታወሱ። ደጋግሞ ማንበብ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም።

እንግዲህ የእኔ ጥፋት ጨዋታውን መጠቀሜ ሳይሆን፣ ቃላቱ ገና ከሰሌዳው ሳይጠፉ መጠቀሜ ነበር። አሁን ጨዋታውን ወደ ክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አዛውሬዋለሁ። ያለፈው ሳምንት ቃላት ከወር በፊት ከተማርናቸው ጋር ይደባለቃሉ፤ ምርጫዎቹ ከመታየታቸው በፊት እያንዳንዱ ተማሪ መልሱን በደብተሩ ይጽፋል። ስልክ ያልያዘም በዚህ አይገለልም። ጭብጨባው በእርግጥ ቀንሷል፤ አንድ ተማሪዬም «መምህር፣ ጨዋታውን ፈተና አደረጉብን» ብሎ ወቅሶኛል። አላስተባበልሁም።