የአይሮፕላን ነጂ መስኮት ለምን ይሞቃል? የበረዶ፣ የወፍና የመስተዋት ታሪክ

በጄት አይሮፕላን ነጂዎች ፊት ለፊት ያለው መስኮት በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሞቅ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ስለ ምን ይሞቃል? ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «በረዶ እንዳይጋገርበት» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የተነሣነው ሙቀቱ መጀመሪያ ስለ በረዶ ቢፈለግም፣ ኋላ ግን ከበረዶ ባላነሰ ምክንያት፣ ማለት ስለ ወፍ፣ አስፈላጊ ሆኖ መገኘቱን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. በረዶ

በደመና ውስጥ ያለ የውሃ ጠብታ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞም ሳይረጋ ሊቆይ ይችላል። አይሮፕላን ሲያልፍና መስተዋቱ ጠብታውን ሲነካው ወዲያውኑ ይረጋል፤ ነጂውም በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደ ዕውር ይሆናል። በ1935 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ዳግላስ ዲሲ 3 ለዚህ የነበረው መድኃኒት በመስተዋቱ ላይ አልኮል መርጨት ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1946 ሥራውን የጀመረው የዚሁ አይሮፕላን የጦር ሠራዊት ዓይነት በሆነው በሲ 47 ነው። አልኮሉ ሲያልቅ መድኃኒቱም አብሮ ያልቃል። በሌሎች አይሮፕላኖች ሁለት መስተዋት ደርቦ በመካከሉ ሙቅ አየር መንፋት ተሞክሯል። ጄት መጥቶ ጉዞው ወደ 11,000 ሜትር ከፍታ ሲወጣ ግን የውጭው አየር በአማካይ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ያህል ስለሚደርስ፣ የማያልቅና በመስተዋቱ ላይ እኩል የሚዳረስ ሙቀት ማግኘት ግድ ሆነ።

፪. መስተዋት

መፍትሔው የተገኘው አይሮፕላንን አስበው ካልተነሡ ሁለት ሥራዎች ነው። አንደኛው የፈረንሳዊው ኬሚስት የኤዱዋር ቤኔዲክቱስ ሥራ ነው። በ1903 በቤተ ሙከራው አንድ ብልቃጥ ወድቆ ተሰነጠቀ እንጂ እንዳልተበተነ ይነገራል፤ ውስጡን ሴሉሎስ ናይትሬት ለብሶት ኖሯልና። ከዚህ ተነሥቶ በሁለት መስተዋት መካከል ለስላሳ ነገር የማጣበቅን ዘዴ አወጣ፤ በ1909ም የባለቤትነት መብት ጠየቀበት። በ1930ዎቹ መጨረሻ ቪኒል የሚባለው የተሻለ ማጣበቂያ ተተካ።

ሁለተኛው መስተዋት ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የማድረግ ዘዴ ነው። በጋለ መስተዋት ላይ የቲን ጨው ሲረጭ ዓይን የማያየው ስስ የቲን ኦክሳይድ ልባስ ይቀራል። ይህ ልባስ ብርሃን ያሳልፋል፤ ኤሌክትሪክም ያስኬዳል። በ1940ዎቹ ፒትስበርግ ፕሌት ግላስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ኔሳ» በሚል የንግድ ስም ለአይሮፕላን አቀረበው። ከመስኮቱ ዳርና ዳር ኤሌክትሪክ ሲገባበት ልባሱ በሙሉ ይግላል፤ በመስተዋቱ ውስጥ የተቀበረ የሙቀት መለኪያም ኃይሉን ሲያስፈልግ ያበራዋል፣ ሲበዛ ያጠፋዋል። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልን። በቦይንግ 737 የፊት መስኮት ልባሱ ያለው በውጭው መስተዋት የውስጥ ገጽ ላይ፣ ከቪኒሉ አጠገብ ነው። ስለዚህ የሚሞቀው የውጭው ገጽ ብቻ ሳይሆን ቪኒሉም ጭምር ነው።

፫. ወፍ

የቪኒሉ መሞቅ ትርጉሙ በሚገባ የታወቀው በአሜሪካ የሲቪል አየር ጉዞ መሥሪያ ቤት ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ በታመቀ አየር በሚሠራ መድፍ የወፍ ሬሳ በመስኮቶች ላይ ይተኩሱ ነበር። ካንጋስና ፒግማን በ1950 ባወጡት ዘገባ እንደተገለጸው፣ ወፉን የሚያቆመው በዋናው ቪኒሉ ነው፤ ቪኒሉም ጥንካሬው እንደ ሙቀቱ መጠን ይለዋወጣል። ነገሩን በጧፍ መመሰል ይቻላል። ጧፍ በደጋ ብርድ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ በእጅ ሲሞቅ ይታጠፋል፤ ከእሳት ሲቀርብ ደግሞ ይልማል። ቪኒልም እንዲሁ ሲቀዘቅዝ እንደ መስተዋት ይሰበራል፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይላላል፤ በመካከሉ ባለው ሙቀት ግን መስተዋቱ ቢደቅም እንኳ እንደ ቆዳ ተለጥጦ ወፉን ይይዛል።

ኋላም በነጂዎቹ ፊት ያለው መስኮት 4 ፓውንድ (1.8 ኪሎ ግራም ያህል) የሚመዝን ወፍ በጉዞ ፍጥነት ቢመታው እንዳይበሳ የሚያዝዝ ደንብ ወጣ።

፬. ማስረጃው

አሳባችንን ከሁሉ ይልቅ የሚያጸናልን የነጂዎች መመሪያ ነው። የቦይንግ 737 መስኮት ማሞቂያ ሲበላሽ፣ ነጂው ከ10,000 ጫማ በታች ፍጥነቱን ከ250 ኖት እንዳያሳልፍ ታዝዟል። ሙቀቱ ለበረዶ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጠራ ሰማይ ፍጥነት መቀነስ ምን ይጠቅም ነበር? የመምታት ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ከ340 ኖት ወደ 250 ሲወረድ የወፉ ምት ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እንግዲህ ትእዛዙ የቀዘቀዘውን ቪኒል ድካም በዝግታ የሚክስ ነው።

ይህ ጥቅም ያለ ዋጋ አልተገኘም። በ2010 የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በቦይንግ 757፣ 767ና 777 አይሮፕላኖች የመስኮት ማሞቂያ የሽቦ መጋጠሚያዎች እንዲመረመሩ አዝዟል፤ በላላ መጋጠሚያ ምክንያት ጭስና እሳት በነጂዎች ክፍል ተነሥቶ ነበርና።

፭. ለአገራችን

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1962 ቦይንግ 720 ቢ ጄቶችን ከተረከበ ጀምሮ ነጂዎቹ በሚሞቅ መስተዋት ያያሉ። በመስከረም 1988 ከባሕር ዳር የተነሣው ቦይንግ 737 እርግቦች በሁለቱም ሞተሮቹ ገብተውበት 35 ሰዎች ሞተዋል። ያ አደጋ ከመስኮት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ቢሆንም ወፍ በሰማያችን ትንሽ ነገር አለመሆኑን አሳይቷል።

እዚህ ላይ ለመምህራንና ለጓደኞቻችን አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። 10,000 ጫማ የሚቆጠረው ከባሕር ወለል ነው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ግን ራሱ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር ሰፊ የሆነው የጥንቃቄ ክልል በአዲስ አበባ ላይ ወደ 2,400 ጫማ ይጠባል። ጥንብ አንሣ ደግሞ ከዚያ በላይ እንደሚበር የታወቀ ነው፤ በ1973 በአቢጃን ላይ አንዱ በ37,000 ጫማ ከአይሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። በደጋው ሰማይ ወፎች በምን ከፍታና በምን ወራት እንደሚበዙ የሥነ ሕይወትና የፊዚክስ ተማሪዎች ተባብረው ቢያጠኑት፣ ሥራው ለዕውቀትም ለሰው ሕይወትም የሚጠቅም እንደሚሆን እናምናለን።