የልጆች የመተንፈሻ ቱቦ ሽፋን ሕዋሳት

የመተንፈሻ ቱቦ ሽፋን ከአፍንጫ አንሥቶ እስከ ሳንባ ትንንሽ ቱቦዎች ድረስ የውስጡን ገጽ የሚያለብስ የሕዋሳት ንጣፍ ነው። ጭስ፣ አቧራና ቫይረስ በትንፋሽ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያርፉት እዚህ ላይ ነው። ልጆች ከክብደታቸው አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባሉ፤ ቱቧቸውም ጠባብ ስለሆነ ጥቂት እብጠት እንኳ ትንፋሻቸውን ያውካል።

አወቃቀር

ንፍጥ አመንጪ ሕዋሳት ቆሻሻውን ይይዛሉ፤ ሲሊያ የሚባሉ ሽፋሽፍት መሰል ዘንጎች ያሏቸው ደግሞ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። መሠረታዊ ሕዋሳት የተጎዱትን ይተካሉ።

ጭስ

የሲጋራም ሆነ የማገዶ ጭስ የሲሊያን እንቅስቃሴ ያዳክማል፣ ንፍጥ ያበዛል፣ በሕዋሳት መካከል ያለውን መያያዣም ያላላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የደቃቅ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በሜትር ኪዩብ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። በማገዶና በኩበት በሚበሰልበት ጎጆ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ የሚውል ሕፃን የሚተነፍሰው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው ይህ ሕፃን ነው።

ቫይረስና የአስም መነሻ

በአስም ሕመምተኞች ሽፋን ላይ የሚታየው ድክመት አስምን ያመጣል ወይስ አስም ያመጣዋል የሚለው እስካሁን ያከራክራል። በ2005 የወጣ የብሪታንያ ጥናት የአስም ሕመምተኞች ሕዋሳት ራይኖቫይረስ የተባለው የጉንፋን ቫይረስ ሲገባባቸው ኢንተርፌሮን ቤታ የተባለውን ፀረ ቫይረስ ፕሮቲን በበቂ መጠን እንደማያመነጩ አሳየ። ሕዋሳቱ ግን የአዋቂዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ምርመራዎች ውጤታቸው ይለያያል፤ ምናልባት የበሽታው ክብደት ወይም የቫይረሱ መጠን ሳይለያያቸው አልቀረም። በልጆች በኩል ጠንከር ያለው ማስረጃ የተገኘው ከዴንማርክ ነው፦ በ2014 ሲዲኤችአር3 የተባለ ጂን ትንንሽ ልጆችን ሆስፒታል ከሚያስተኛ ከባድ አስም ጋር ተያያዘ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን ራይኖቫይረስ ሲ ወደ ሕዋስ የሚገባበት በር መሆኑ ታወቀ። ይህ ግኝት ድክመቱ ቢያንስ በከፊል አብሮ የሚወለድ ነው የሚለውን ወገን ይደግፋል፤ ክርክሩን ግን አይዘጋም። ናሙናው የተወሰደው ልጁ ጭስም ጉንፋንም ካገኘው በኋላ ከሆነ፣ የትኛው እንደቀደመ ከሕዋሱ ብቻ መለየት ያስቸግራል።

የበረት አቧራ

ተጋላጭነት ሁሉ ጎጂ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩት አሚሾችና ሃተራይቶች የተባሉ የገበሬ ማኅበረሰቦች የዘር ሐረጋቸው ተቀራራቢ ነው። አሚሾች በፈረስ ያርሳሉ፣ ልጆቻቸውም ከበረት አይርቁም፤ ሃተራይቶች ግን ሰፋፊ እርሻቸውን በማሽን ያለማሉ። በ2016 በታተመ ጥናት መሠረት አስም በአሚሽ ተማሪዎች ዘንድ 5 በመቶ፣ በሃተራይቶች ዘንድ 21 በመቶ ገደማ ነበር። ከአሚሽ ቤቶች የተሰበሰበው አቧራ በአፍንጫቸው የተሰጣቸው አይጦችም አስም ከሚመስል ሕመም ተጠብቀዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ጥናት በአይጦች ላይ እንዳሳየው የእርሻ አቧራ የሚሰጠው ጥበቃ የሚያልፈው በሽፋኑ ሕዋሳት ውስጥ ባለ ኤ20 በተባለ ብግነት አብራጅ ፕሮቲን በኩል ነው፤ ፕሮቲኑ ከሽፋኑ ሲጠፋ ጥበቃውም ይጠፋል። በሰው ልጆች ላይ አሠራሩ ያው ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት አለ።

የአቧራ ቅንቅን

በአቧራ ቅንቅን ኩስ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ግን በተቃራኒው የሽፋኑን ሕዋሳት መያያዣ ይበጣጥሳል።

ሕክምና

የተጎዳ ሽፋን የሚለቀውን ቲኤስኤልፒ የተባለ የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን የሚያግደው ቴዜፔሉማብ በ2021 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ያኔ የተሰጠው ፈቃድ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ የከባድ አስም ሕመምተኞች ነበር።