ለፈርዝ ያደላ ሰንጠረዥ

ሰንጠረዥ ስንባል ቶሎ የሚታወሰን የፈተና ወረቀት ወይም ኤክሴል ነው። አያቶቻችን ግን ሰንጠረዥ የሚሉት ቼዝን ነበር፤ ያውም የራሳቸው ሕግ ያለውን።

በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ንግሥት የለችም። በቦታዋ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ ፈቀቅ የሚለው አንዲት ቤት ብቻ ነው። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ በሰያፍ ሁለት ሁለት ቤት ይዘላል፤ ከ64ቱ ቤቶች ግን ዕድሜ ልኩን ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ነው። ምስኪን!

አውሮፓውያን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለእነዚህ ደካሞች ጉልበት ጨመሩላቸው፤ ፈርዝ ኃያል ንግሥት ሆነ። የኛዎቹ ጉልበታቸውን ሳይነኩ በሌላ መንገድ ካሷቸው።

አንደኛው ጊዜ ነው። ጨዋታው የሚጀመረው «ወረራ» በሚባል ምዕራፍ ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ያለ ተራ፣ እንደ ፍጥነታቸው ጦራቸውን ያሰልፋሉ። አዝጋሚው ሳይቀደም ይደርሳል።

ሁለተኛው ክብር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የኖረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን እንደጻፈው፣ ንጉሡን በብርቱዎቹ በደር ወይም በፈረስ መውጫ ማሳጣት እምብዛም አያስመሰግንም። በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ ከሆነ ግን ሙገሳው ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ከታተመ ወዲህ የምናብ ጨዋታ ወዳጆች «ደካማውን ገጸ ባሕርይ እንዴት እናመጣጥነው?» እያሉ ይከራከራሉ። መልሳቸው ብዙ ጊዜ ቁጥር መጨመር ነው። አያቶቻችን የጨመሩት ምስጋና ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጨዋታው እየተረሳ ሄደ። የቀረን «ማን አሸነፈ?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ «በማን አሸነፈ?» የሚለው ግን አብሮ ተቀበረ።