ትንንሽ ልማዶችና የስደተኛ ጽናት

ይህን ጽሑፍ የማቀርብላችሁ በፍራንክፈርት ከተማ ምዕራባዊ ዳርቻ ከምትገኘው ከኡንተርሊደርባህ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ጤንነቴን ሊያሳጡኝ የነበሩ ልማዶቼን ለመተካት ስል ብዙ አነበብኩ፣ ብዙ ጠየቅሁ፣ ብዙም ተሳሳትኩ። ያገኘሁትን መልክ አስይዤ ባቀርበው በየሀገሩ ለተበተነው ወገኔ ይጠቅመው ይሆናል በሚል ብዕሬን አነሣሁ።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እናቴ ጎጃም ነበረች። የቤቷ ስልክ አንዳንድ ቀን ይነሣል፣ አንዳንድ ቀን አይነሣም። ከዚያ በፊት ከኖቬምበር 2020 እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት ድረስ፣ ማለትም እስከ ኖቬምበር 2022፣ ከትግራይ የመጡ ጎረቤቶቼ በዚሁ ጭንቀት ሲያልፉ አይቻለሁ። ተራው የእኔ ሲሆን ግን ከእነሱ የተማርኩት ነገር አልነበረም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነቅቼ ዜና እፈልጋለሁ፤ አንዱ የሚለውን ሌላው ያፈርሰዋል፤ እንቅልፌ ይጠፋል። ጠዋት ለሥራ ለመንቃት ቡና እደራርባለሁ። ማታ ደግሞ ቡናው ያነቃውን አእምሮዬን ለማስተኛት ቢራ እከፍታለሁ። እንዲህ እያልኩ ከረምኩ።

ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ዘንድ ሄጄ የደም ግፊቴ ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ በቀን ስንት ሰዓት እንደምተኛ ጠየቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ የባሰው ቤቴ ውስጥ የሆነው ነው። የስምንት ዓመት ልጄ የቤት ሥራዋን ለእኔ ማሳየት ትታ ለእናቷ ብቻ እንደምታሳይ ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነበር። ያ ሁሉ ንቃት ደግሞ ለእናቴ ያደረገላት አንዳች ነገር አልነበረም።

ጽናት ሲባል ምን ማለት ነው?

በእኛ ዘንድ ጽናት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መከራን ችሎ ዝም ማለት ነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም»፣ «ቻለው» ሲባል አድገናል። በዘርፉ የሚመራመሩ ሰዎች የሚሉት ግን ሌላ ነው። ከኡንተርሊደርባህ ብዙም በማይርቀው በማይንዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተና ከ2020 ጀምሮ የላይብኒትስ ማኅበር አባል የሆነ የጽናት ምርምር ተቋም አለ። በተቋሙ ተመራማሪዎች አስተሳሰብ ጽናት ማለት ሰው በመከራ ጊዜና ከመከራ በኋላ የአእምሮ ጤንነቱን ጠብቆ መቆየቱ ወይም ቶሎ ወደ ጤንነቱ መመለሱ ነው። አብሮን የሚወለድ የማይለወጥ ጠባይ ሳይሆን በየጊዜው የሚገነባ፣ ሊዳከምም የሚችል ሂደት ነው።

ለዚህ አስተሳሰብ መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ጀርመን ተወልዳ አሜሪካ የኖረችው ኤሚ ቨርነር ከባልደረቦቿ ጋር በሃዋይ በካዋይ ደሴት ያካሄደችው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን ለአሥርት ዓመታት ተከታተሉ። በድህነትና በተናጋ ቤተሰብ ውስጥ ካደጉት መካከል አንድ ሦስተኛው ያህል ተንከባካቢ፣ ችሎታ ያላቸው ጎልማሶች ሆኑ። ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ቢያንስ ከአንድ አስተማማኝ ሰው ጋር የነበራቸው ቅርበት ነው። አያት፣ አስተማሪ ወይም ጎረቤት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ጽናት የብቻ ጀግንነት አይደለም ማለት ነው።

ልማድ እንዴት ይሠራል?

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ይላል የሀገራችን ሰው። ተረቱ ለስድብ ቢነገርም እውነት አለበት። ልማድ የሚነሣው በምልክት ነው፤ ሰዓቱ፣ ቦታው ወይም ስሜቱ ይቀሰቅሰዋል። ድርጊቱ ይከተላል፣ በመጨረሻም ትንሽ እፎይታ ይገኛል። ምልክቱና የእፎይታው ፍላጎት ባሉበት ልማዱን ብቻ ቆርጠን ብንጥል ቦታው ባዶ ይቀራል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ አሮጌውን መልሶ ይጠራል። ስለዚህ በዚያው ምልክት ላይ ሌላ ድርጊት መትከል ይሻላል።

ስንት ቀን ይፈጃል? «21 ቀን» የሚባለው ወሬ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው እ.ኤ.አ. በ1960 መጽሐፍ ካሳተመው አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ከማክስዌል ማልትስ ጋር ነው። እሱ የተናገረው ሕመምተኞቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ስለሚወስድባቸው ጊዜ ነበር። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት አማካዩ 66 ቀን ሆኖ ተገኘ፤ ከሰው ሰውና ከልማድ ልማድ ያለው ልዩነት ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ሌላው ግኝታቸው ነው፤ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን መተከል አላበላሸውም። በአንድ ቀን ስሕተት «አበቃልኝ» ብለን ሁሉን የምንተው ሰዎች ይህን ብናውቅ ደግ ነው።

ሦስተኛው ቁም ነገር የመጣው ከጀርመን ነው። በኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የሥነ ልቦና ምሁር ፔተር ጎልቪትሰር፣ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ሰዓቱንና ቦታውን ቀድሞ የወሰነ ሰው «አደርጋለሁ» ብሎ ብቻ ካሰበው ይልቅ እቅዱን የመፈጸም ዕድሉ ከፍ እንደሚል እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ አሳይቷል። «ስፖርት እጀምራለሁ» ምኞት ነው። «የምሳ ዕረፍት ሲደርስ ከመቀመጤ በፊት አሥር ደቂቃ እሄዳለሁ» ግን እቅድ ነው።

በስደት ላይ የሚበረቱ ልማዶችና ምትካቸው

ስልክና የሀገር ቤት ዜና፦ ይህ ልማድ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ከሁሉ ይከብዳል። ዜና አለማየት ወገንን መክዳት ይመስላል። እኔ ያደረግሁት እንዲህ ነው። ስልኬ የሚያድረው ከመኝታ ቤት ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው። ለመቀስቀሻ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ገዛሁ። ዜና በቀን አንድ ጊዜ፣ ከሥራ መልስ፣ ለሃያ ደቂቃ አያለሁ። ለክፉ ነገር እህቴ የምትደውልበት መደበኛ የቤት ስልክ ስላለ «ሳልሰማ ብቀርስ» የሚለው ስጋት ቀለለልኝ። ምልክቱ፣ ማለትም የሌሊቱ ንቃት፣ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ያኔ ጸሎት አድርጌ፣ ውኃ ጠጥቼ እመለሳለሁ።

የማታ ቡና፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን የምንጠጣው ቡና የማኅበራዊ ኑሯችን ምሰሶ ነው፤ ተዉት የሚል ምክር የለኝም። ነገር ግን በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ ይቀንሳል። ስለዚህ የቡና ሥርዓታችንን ወደ ቅዳሜና እሑድ ረፋድ አመጣነው። ማታ በዚያው ሲኒ የጤና አዳም ወይም የዝንጅብል ሻይ ይቀርባል። ሰዎቹ አልቀሩም፣ ጨዋታውም አልቀረም።

ቢራና ጫት፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ባወጣው መግለጫ ለጤና ፈጽሞ ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሏል። አልኮል ቶሎ ቢያስተኛም የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ እንቅልፍ ይረብሻል። ጫትን በተመለከተ ደግሞ በውስጡ ያለው ካቲኖን በጀርመን የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ብሪታንያ በ2014 ጫትን አግደዋል። «ባህል ነው» ተብሎ በሻንጣ የመጣ እሽግ መዝገብ ሊያስከፍት ይችላል። የሚቅም ወዳጄ የነገረኝን ልጥቀስ፤ የሚናፍቀው ቅጠሉን ሳይሆን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡትን ሰዎች እንደነበር የገባው ካቆመ በኋላ ነው። አሁን ያው ቡድን ኳስ ይጫወታል። እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በየቀኑ ብዙ አልኮል የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ለሕይወቱ ሊያሰጋው ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ያማክር።

ስኳርና መቀመጥ፦ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ለሁላችንም ትምህርት ነው። ሲገቡ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አመጋገባቸውና እንቅስቃሴያቸው ሲለወጥ በሽታው በፍጥነት እንደበዛ ጥናቶች መዝግበዋል። ቀድሞ በጉልበቱ ያርስና ይጓዝ የነበረ ሰው ነጭ ዳቦ፣ ለስላሳ መጠጥና አውቶቡስ ሲለምድ ሰውነቱ ያልለመደው ሸክም ይጫንበታል። እኔ ከምኖርበት ሰፈር አጠገብ ያለው የሆህስት ፋብሪካ ከ1923 ጀምሮ ኢንሱሊን ሲያመርት ኖሯል፤ ተመስገን ነው፣ ግን መርፌው ሳያስፈልገን ብንቀር ይሻላል። ምትኩ ቀላል ነው፤ በሻይ ላይ የሚጨመረውን ስኳር በየሁለት ሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ መቀነስ፣ ለስላሳውን በውኃ መተካት።

ብርሃን፦ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስትሆን ፍራንክፈርት 50 ዲግሪ ላይ ናት። በዲሴምበር እዚህ ያለው ቀን ስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከኦክቶበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ የጀርመን ፀሐይ ቆዳችን በቂ ቪታሚን ዲ እንዲሠራ አታስችልም፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል። ስለ ቪታሚኑ ሐኪምን መጠየቅ፣ ስለ መንፈሳችን ደግሞ ቀን ሳይጨልም መውጣት ይበጃል።

ከበሬ እስከ ወንዙ

የእኔ ዋናዋ ትንሽ ልማድ ይህች ናት። ሊደርባህ ማለት ከታውኑስ ተራራ ወርዶ በሰፈራችን አልፎ ሆህስት ላይ ማይን ወንዝን የሚቀላቀል ጅረት ነው፤ የሰፈሩም ስም የመጣው ከዚሁ ነው። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ከማውለቄ በፊት ልጄን ይዤ እስከ ጅረቱ ሄጄ እመለሳለሁ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ነበር። ዝናብ ሲሆን አምስት ደቂቃም ይበቃል፤ ዋናው መውጣቱ ነው። ይህች አካባቢ ከሩጫ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። የፍራንክፈርት ማራቶን እ.ኤ.አ. በ1981 የጀርመን የመጀመሪያው የከተማ ማራቶን ሆኖ ሲጀመር ያዘጋጀው የሆህስት ኩባንያ የስፖርት ክበብ ነበር። እኔ ግን ማራቶን አልመኝም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ይበቃኛል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ዓይነቱ ነገር እንግዶች አይደለንም። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው «ዛሬ ልጹም ወይስ አልጹም» እያለ በየሳምንቱ አይከራከርም፤ ቀኑ ራሱ ወስኖለታል። ሙስሊም ወንድማችንም አምስቱን የሶላት ሰዓቶች እንደዚያው ይጠብቃል። በእድርና በጽዋ ማኅበር ደግሞ የቀረ ሰው ይጠየቃል። የተወሰነ ጊዜ፣ ትንሽ ድርጊት፣ የሚጠይቅ ሰው፤ ተመራማሪዎቹ የሚመክሩን ሦስቱም በእጃችን ነበሩ።

አቅም ሲያንስ

ትንሽ ልማድ ሁሉን አይፈውስም። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ምግብና እንቅልፍ ከጠፋ፣ መኖር ካስጠላ ጉዳዩ የሕክምና ነውና የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። በጀርመን በ0800 111 0 111 ቀንም ሌሊትም በነፃ የሚያነጋግር የስልክ አገልግሎት አለ። ዕድሜው 35 የሞላ መድን ያለው ሰው በየሦስት ዓመቱ ነፃ ምርመራ ያገኛል። የሕዝብ ክራንከንካሴዎችም በሕግ መሠረት ለተመሰከረላቸው የእንቅስቃሴ፣ የአመጋገብ፣ የጭንቀት ማቅለያና ከሱስ መላቀቂያ ኮርሶች ከወጪው አብዛኛውን ይመልሳሉ። በየወሩ ከደመወዛችን የሚቆረጥ ገንዘብ ነውና እንጠቀምበት።

እናቴ ደኅና ናት። ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውልላታለሁ፤ መስመሩ ካልሠራ በማግሥቱ እሞክራለሁ። የደም ግፊቴ ወርዷል፤ ሐኪሟ ግን መከታተሌን አላስቆመችኝም። ሌሊት ነቅቼ ኮሪደሩ ላይ ስልኬን ያነሣሁባቸው ቀኖችም አሉ፤ በማግሥቱ ተመልሼ ከቦታው አስቀምጬዋለሁ። ልጄ ደግሞ ወደ ጅረቱ ስንሄድ የዕለቱን ትምህርት ትነግረኛለች፤ ደብተሯን ማሳየት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

እናንተም ዛሬ አንዲት ልማድ ብቻ ምረጡ፤ ሰዓቷንና ቦታዋን ወስኑ፤ ለአንድ ወዳጅም ንገሩ። ቸር ይግጠመን።