በቃል የተያዘና በጽሕፈት የተያዘ

ዕውቀት የሚጠበቅባቸው ጎተራዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ልብ፥ አንዱም ብራና ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ምሳሌ በኢትዮጵያ ሰው ሁሉ አፍ የሚገኝ ነው። የጎጃምን ጉባኤ ቤቶች ታሪክ ለሚመረምር ግን ምሳሌው እኩሌታውን ብቻ መናገሩ ይገለጽለታል፤ በጽሕፈት ያለውም ቢሆን ሥርዓት ከሌለውና በቃል ካልተጠና ይረሳልና። ይህም ነገር የጥንት ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ቀርቦበት፥ የብዙ ዓመት ደብተሩን በፊቱ ከምሮ ከየት እንደሚጀምር የተጨነቀውን የዛሬ ወጣት ጭምር የሚነካ ነው።

ደብረ ማርቆስ አስቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በጎጃም ከነገሡ በኋላ፥ ከተማይቱ በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ተጠራች። በዙሪያዋ ግን ከዚያ ቀድሞ የነበረ ሌላ ሀብት አለ፤ ይኸውም የደብረ ኤልያስ፥ የደብረ ወርቅና የዲማ ጊዮርጊስ ትምህርት ነው። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ከወንዝ ማዶ እየተሻገረ ወደነዚህ አድባራት የሚጎርፈው ከሁሉ ይልቅ ስለ ቅኔ ነው።

የቅኔ ተማሪ ደብተር የለውም። ነገር ግን ከእርሱ ይልቅ ነገሩን በየመልኩ ያሰናዳ ተማሪ ማግኘት ጭንቅ ነው። ትምህርቱ እንደ መሰላል የተሠራ ነውና። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃናን ይይዛል፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ ይወጣል፤ ቀጥሎ አምስት ቤት ያለውን ዋዜማን፥ ስድስት ቤት ያለውን ሥላሴን፥ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። የታችኛውን ሳይጨብጥ የላይኛውን የሚነካ የለም። ሁሉን የፈጸመው «ሙሉ ቤት» ይባላል።

የዕለቱም ሥራ እንዲሁ ሥርዓት አለው። መምህሩ የዘረፉትን ቅኔ ተማሪው በቃሉ ይይዛል፤ ምሥጢሩንና አገባቡን፥ ግሱንም ይሰማል። ከዚያ በኋላ ከሰው ተለይቶ፥ በዛፍ ጥላ ወይም በመቃብር ቤት ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል። በመጨረሻም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ስሕተቱን ያርሙለታል። እንግዲህ መስማት፥ ለብቻ መቍጠር፥ ቀርቦ መንገርና መታረም፥ እነዚህ አራቱ በየቀኑ ይመላለሳሉ። ፈተና ለዚህ ተማሪ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ በየዕለቱ የሚገናኘው ጎረቤቱ ነው።

የዜማ ተማሪ መንገድ ደግሞ ሌላ ነው፤ እርሱ ይጽፋልና። ድጓ የሚማር ደቀ መዝሙር ብራና ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ የራሱን መጽሐፍ በገዛ እጁ መጻፉ የቆየ ልማድ ነው። መጽሐፉም እንደ ተገኘ የተከማቸ አይደለም። የዓመቱን ዘመን ተከትሎ የተከፈለ ነው፤ ከመስከረም የሚጀምረው ዮሐንስ፥ ከታኅሣሥ የሚጀምረው አስተምሕሮ፥ ከትንሣኤ በኋላ ያለው ፋሲካ ይባላል፤ የዐቢይ ጾሙም ጾመ ድጓ ተብሎ ለብቻው ይቆማል። ጥቁሩ ቀለም ለንባቡ፥ ቀዩ ለአርእስቱና ለቅዱሳት ስሞች ነው። ስለዚህ መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው የሚሻው ነገር በየትኛው ክፍል እንዳለ አስቀድሞ ያውቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚደነቀው በንባቡ ላይ የሚጻፈው ምልክት ነው። ይህን ምልክት የሠሩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1533–1551 ዓ.ም.) የነበሩት አዝማች ጌራና አዝማች ራጉኤል እንደ ሆኑ ሊቃውንት ይተርካሉ። ምልክቱ አንድ ወይም ሁለት ፊደል፥ አንዳንድ ጊዜም ነጥብ ወይም ጭረት ነው። ዜማውን ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውም፤ በጉባኤ ቤት በቃሉ ላጠናው ግን ያች አንዲት ፊደል ሙሉውን ዜማ ከተኛበት ትቀሰቅሰዋለች። ተማሪው በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ድጓን ሲያስመሰክር የሚፈተነው በዚህ ነው፤ መጽሐፍ መያዙን ሳይሆን፥ መጽሐፉ በእርሱ ውስጥ መያዙን ያሳያል።

ይሁን እንጂ የቃልን ትምህርት ብቻ ማመስገን ፍርድ ማጉደል ነው። በየማኅሌቱ የተዘረፈው ቅኔ አብዛኛው ከተናጋሪው ጋር ወደ መቃብር ወርዷል፤ ታላላቅ መምህራን ሲሞቱ ያልተጻፈ ቤተ መጻሕፍት አብሮ ተቀብሯል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው ማሳተማቸው፥ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬም በ1963 ዓ.ም. መጽሐፈ ቅኔ ማውጣታቸው ከዚህ ጥፋት የተረፈውን ለማዳን ነው። ምሳሌው እውነት የሚሆነው በዚህ በኩል ነው።

ዘመናዊው ትምህርት በገባ ጊዜ ከጉባኤ ቤት ወደ ተማሪ ቤት የተሻገሩ ብዙዎች ናቸው። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው ነው ወደ አዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገቡት። ከዚያ በኋላ ትውልድ ሁሉ የሚፈራው የ12ኛ ክፍል ፈተና፥ በሕዝብ አፍ «ማትሪክ» የተባለው፥ መጣ። መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ በሚዳረስበት ዘመን፥ መምህሩ በሰሌዳ የጻፈውን በደብተር መገልበጥ የተማሪው ዋና ሥራ ሆነ። እጅ ጻፈ፤ ልብ ግን ብዙ ጊዜ አልሰማም።

ፍሬውም በግልጥ ታየ። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው የ2014 ዓ.ም.ን ፈተና ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። የዚህ ውድቀት ምክንያት ብዙ ነው፤ የመምህራንና የመጻሕፍት እጥረት፥ ጦርነትና ድህነት ሁሉ አሉበት፤ በልጆቹ ላይ ብቻ መጫን አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጆች ከቤት ቀርተዋል። በሩ በተዘጋበት ጊዜ ለተማሪው የሚቀርለት በልቡ የያዘውና በእጁ ያሰናዳው ብቻ ነው።

ስለዚህ ከጎጃም አድባራት የሚወረሰው ነገር ደበሎውና ረኃቡ አይደለም፤ ሥርዓቱ ነው። ለፈተና የሚሰናዳ ተማሪ ሒሳቡን፥ ፊዚክሱን፥ ታሪኩን እንደ ቅኔው መሰላል ከታችኛው ወደ ላይኛው ይደርድር፤ እንደ ድጓው ለየክፍሉ ስፍራና አርእስት ይስጥ። የሌላውን ደብተር ከመሸከም በገዛ እጁ ይጻፍ። የሚጽፈውም ቃል በቃል ግልባጭ ሳይሆን፥ የተማረውን የሚቀሰቅስ አጭር ምልክት ይሁን። በመጨረሻም ደብተሩን ዘግቶ ለባልንጀራው ወይም ለመምህሩ ይንገር፥ ይታረምም። ወላጆችና መምህራን፥ ካህናትም ጭምር፥ ለዚህ ነገራ ጆሮአቸውን ቢሰጡ ትንሽ ስጦታ አይሆንም፤ የሚሰማው ያጣ ተማሪ የሚያርመው የለውምና።

በብራና ያለው በልብ ሲገኝ፥ በልብ ያለውም በብራና ሲጠበቅ፥ ያን ጊዜ ዕውቀት አይረሳም፤ ይወረሳልም።